የብልት ማሳከክና አንቲሴፕቲክ፦ ሴቶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ ይህን ጥያቄ ገና ከበር ላይ መለየት ለምጃለሁ። ሴትየዋ ሌሎቹ ደንበኞች እስኪወጡ ትጠብቃለች። ከዚያ ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። «እዚያ ጋ ይበላኛል። ጀርም የሚገድል መታጠቢያ ስጪኝ» ትላለች። ብዙ ጊዜ እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት ቤት ያለውን ሞክራለች። ቁስል የሚጠረግበትን ቤታዲን፣ ወይ ዴቶል ጠብ የተደረገበት ውሃ። አሁን ማሳከኩ ላይ ማቃጠል ተጨምሮባታል።

ነገሩ የሚያሳፍር አይደለም። በዕድሜዋ አንድ ጊዜ እንኳን ያላጋጠማት ሴት ማግኘት ይከብዳል። ግን ስለማይወራ ብዙዎቻችን በግምት ነው የምንታከመው። ስለዚህ በሹክሹክታ የሚጠየቀውን እዚህ በግልጽ ልመልስ።

ለመሆኑ አንቲሴፕቲክ የብልት ማሳከክን ያስታግሳል?

በአብዛኛው አያስታግስም። ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል።

አንቲሴፕቲክ፣ ማለትም ጀርም ገዳይ መድኃኒት፣ የመጣው ለቁስልና ለቀዶ ሕክምና ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1867 ካርቦሊክ አሲድ ቁስልን ከመመርቀዝ እንደሚያድን ጽፎ አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሕይወት ተርፎበታል። ሥራው ያገኘውን ተሕዋስ ሁሉ መግደል ነው።

ማሳከክ ግን ምልክት ነው። ፈንገስም ያሳክካል፣ አለርጂም ያሳክካል፣ የቆዳ ድርቀትም ያሳክካል። ሁሉም የሚያስብሉሽ አንድ ነገር ነው፤ «ይበላኛል»። አንቲሴፕቲኩ ደግሞ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ለይቶ አያውቅም።

«ግን እኮ ስታጠብበት ቀለል ይለኛል» የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው። ቀለል ያደረገሽ ግን ብዙ ጊዜ ውሃው ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ብቻውን ማሳከክን ያበርዳል። አንዳንዴም የመድኃኒቱ ማቃጠል ማሳከኩን ለትንሽ ደቂቃ ይሸፍነዋል። ከዚያ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ማታ ላይ ደግሞ ብሶበት ይመለሳል። ሲመለስ እንደገና ትታጠቢያለሽ። ብዙ ሴቶች ለወራት የሚሽከረከሩት እዚህ ውስጥ ነው።

ጀርም መግደሉ ምን ክፋት አለው?

ሁሉም ጀርም ጠላት ስላልሆነ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ቦታዎችን እንለይ። አንደኛው ውጪ የሚታየው ክፍል ነው፤ ከንፈሮቹና ዙሪያቸው ያለው ቆዳ። ሁለተኛው ወደ ማህፀን የሚወስደው የውስጥ መተላለፊያ ነው። ውጪው ረጋ ባለ እጅ በውሃ ይታጠባል። ውስጡ ግን ራሱን በራሱ ያጸዳል። በየቀኑ የምታዪው ነጣ ያለ ወይም ውሃ የመሰለ፣ የማይሸት ፈሳሽ የዚያ ጽዳት ውጤት ነው። ቆሻሻ አይደለም።

ውስጡን የሚጠብቁት ላክቶባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ላክቲክ አሲድ ያመነጫሉ። በመውለድ ዕድሜ ላይ ባለች ጤነኛ ሴት ይህ አሲድ የውስጡን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) 3.8 እና 4.5 መካከል ያቆየዋል። ጎጂ ባክቴሪያዎች እንዲህ ያለውን ቦታ አይወዱም። አንቲሴፕቲክ ሲገባ ግን ዘበኞቹንም ሌቦቹንም እኩል ይጠርጋል። ቤቱ ባዶ ሲሆን ደግሞ ቀድመው የሚገቡት ዘበኞቹ ላይሆኑ ይችላሉ። ውስጣቸውን አዘውትረው የሚያጥቡ ሴቶች ላይ የባክቴሪያ ሚዛን መዛባትና የማህፀን አካባቢ ኢንፌክሽን በብዛት የሚታየውም ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው።

ታዲያ የሚያሳክከኝ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ፤ የሁሉም ነገር ቁልፍ ይህ ነው።

ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ የታወቀው ነው። ከአራት ሴቶች ሦስቱ ያህል በዕድሜያቸው ቢያንስ አንዴ ይይዛቸዋል። ማሳከኩ ኃይለኛ ነው። ፈሳሹ ወፈር ያለ፣ ነጭ፣ የረጋ ወተት የሚመስል ነው፤ ሽታው እምብዛም ነው። ውጪው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሽንት ሲነካው ይቆጠቁጣል። አንቲባዮቲክ ከወሰድሽ በኋላ፣ በእርግዝና ወቅት፣ ወይም የስኳር በሽታ ቁጥጥር ሲያጣ ይበዛል።

የባክቴሪያ ሚዛን መዛባት ሌላው ነው። ፈሳሹ ቀጭን፣ ግራጫማ ነጭ ነው። ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ በተለይ ከግንኙነት በኋላ። የሚገርመው ይህኛው ብዙም አያሳክክም። ሽታው ግን ሴቶችን ያሸማቅቃል፤ ያኔ ነው ወደ ዴቶል የሚሮጠው። ዴቶሉ ደግሞ ሚዛኑን ይብስ ያዛባዋል።

ትሪኮሞናስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ማሳከክ፣ ማቃጠል፣ ወደ ቢጫና አረንጓዴ የሚያደላ፣ አንዳንዴም አረፋ ያለው ፈሳሽ ያመጣል። ምንም ምልክት ሳያሳይም ይቀመጣል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋው፤ ጭራሽ ኢንፌክሽን ያልሆነው ማሳከክ። ሽታ ያለው ሳሙና፣ ሽቶ ያለው ሞዴስ፣ እርጥብ መጥረጊያ ሶፍት፣ የልብስ ዱቄት ሳሙና፣ ጸጉር ማስወገጃ ክሬም፣ ምላጭ። የዚያ አካባቢ ቆዳ ስስ ነው፤ የእጅሽ ቆዳ የቻለውን እሱ አይችልም። ደንበኛዬ የነበረች አንዲት ሴት ሁለት ወር ሙሉ የፈንገስ ክሬም ስትቀባ ቆይታ መጣች። ስንነጋገር በቀን ሦስቴ ሽቶ ባለው የብልት ሳሙና እንደምትታጠብ ነገረችኝ። ማሳከኩን ለማጥፋት ነበር የምትታጠበው። ሳሙናውን አቁማ በውሃ ብቻ መታጠብ ስትጀምር በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሻላት።

ከእነዚህ ሌላ የቆዳ በሽታዎች አሉ፤ ኤክዜማ፣ ሶሪያሲስ፣ ላይክን ስክሌሮሰስ። እከክና የብልት አካባቢ ቅማልም አሉ። ያረጠች ሴት ደግሞ ሆርሞኗ ሲቀንስ ቆዳው ስለሚሳሳና ስለሚደርቅ ያሳክካታል። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ጠርሙስ መልስ ሊሆን እንዴት ይችላል?

ቤታዲን ብጠቀምስ? የቁስል መድኃኒት አይደል?

ቤታዲን ውስጡ ያለው ፖቪዶን አዮዲን ነው። ለቆዳ የተዘጋጀውን ወደ ውስጥ አታስገቢ። የውስጥ ስስ ሽፋን አዮዲኑን መጥጦ ወደ ደም ያስገባዋል። የታይሮይድ ዕጢ ችግር ያለባት፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት ከሐኪም ትእዛዝ ውጪ በፍጹም ልትጠቀምበት አይገባም፤ የጽንሱን ወይም የሕፃኑን ታይሮይድ ሊነካ ይችላል። አዮዲን አለርጂ የሚሆንባቸውም አሉ።

ለብልት ተብሎ የተዘጋጀ የፖቪዶን አዮዲን ምርት መኖሩ እውነት ነው። እሱም ቢሆን ምን እንደያዘሽ ታውቆ፣ ለተወሰነ ቀን የሚታዘዝ ነው። የየዕለት መታጠቢያ አይደለም።

ዴቶልና ሳቭሎንስ? አቅጥኜ ነው የምጠቀመው።

አቅጥነሽም አይሆንም። ዴቶል ክሎሮዛይሌኖል አለው፤ ሳቭሎን ደግሞ ክሎርሄክሲዲንና ሴትሪማይድ። ሁለቱም ስስ ሽፋንን ያቃጥላሉ፣ አለርጂም ሊያስነሱ ይችላሉ። ቤት ውስጥ የሚደረገው ማቅጠን ደግሞ በክዳን ነው፣ በግምት ነው። «ትንሽ ስላልገደለው ልጨምርበት» ይባልና ይጨመራል። ቆዳው ተልጦ፣ መቀመጥ አቅቷት የመጣች ሴት አይቻለሁ። በረኪና የሞከሩም አሉ። እባካችሁ።

ፖታሲየም ፐርማንጋኔት፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ጂቪ?

ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ያ ወይን ጠጅ ውሃ የሚሆነው ነው። የቆዳ ሐኪሞች ውሃ ለሚያዥ ኤክዜማ ያዝዙታል፤ ያውም 1 ለ10,000 ቀጥኖ፣ ፈዛዛ ሮዝ እስኪሆን ድረስ። ውሃው ከጠቆረ ያቃጥላል። ያልሟሟ ቅንጣት ወይም እንክብሉ ውስጥ ከገባ ሽፋኑን በስቶ ከባድ ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል። ለማሳከክ ብለሽ በራስሽ አትሞክሪው።

ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲነካ አረፋ ያወጣል። ያ አረፋ ቆሻሻ እየወጣ እንደሆነ ይመስላል፤ ግን ኦክስጅን ነው። ጤነኛውን ሕዋስም ይጎዳል።

ጂቪ፣ ሰማያዊው ቀለም፣ ካንዲዳን ይገድላል። የድሮ መድኃኒት ነው። ግን ስስ ሽፋንን ሊያቆስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የካናዳ የጤና ባለሥልጣን ከካንሰር ጋር ሊያያዝ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ዛሬ ከሱ የተሻሉ መድኃኒቶች አሉ።

ሐኪሞቹ ራሳቸው ይጠቀሙበት የለም እንዴ?

ይጠቀማሉ። ለምሳሌ ከቀዶ ወሊድ በፊት ብልትን በፖቪዶን አዮዲን ማጽዳትን የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክራል። ዓላማው ግን ማሳከክን ማከም አይደለም። ቢላዋ ሊገባ ስለሆነ ጀርም አብሮ ወደ ማህፀን እንዳይገባ ነው። ለአንድ ጊዜ፣ በተለካ መጠን፣ በሠለጠነ እጅ። ይህንን በየማታው ከሚደረግ መታጠብ ጋር ማነጻጸር አይቻልም።

በሐኪም የሚታዘዝ የብልት አንቲሴፕቲክ አለ?

አለ። ዴኳሊኒየም ክሎራይድ የሚባል፣ 10 ሚሊ ግራም፣ ማታ ማታ ለ6 ቀን ወደ ውስጥ የሚገባ እንክብል አለ። ለባክቴሪያ ሚዛን መዛባት በተለያዩ አገሮች ይታዘዛል። የሚገርም ነገር ልንገርሽ፤ ሳሙና ውጤቱን ይቀንሰዋል። ስለዚህ «ከመድኃኒቱ በፊት በደንብ ልታጠብ» ያለችው ሴት መድኃኒቷን ራሷ ታከሽፈዋለች።

ቦሪክ አሲድ ሌላው ነው። በተለመደው መድኃኒት እምቢ ላለ ካንዲዳ 600 ሚሊ ግራም በካፕሱል፣ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ይታዘዛል። ግን በአፍ ከተዋጠ መርዝ ነው፤ ሊገድል ይችላል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ የት እንደሚቀመጥ በጣም አስቢበት።

ኮምጣጤ፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርጎ?

ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ያቃጥላሉ። ኮምጣጤ «አሲድ ስለሆነ ፒኤቹን ያስተካክላል» ይባላል፤ ነገር ግን አሲዱን ማምረት ያለባቸው ባክቴሪያዎቹ ናቸው፣ ኮምጣጤው ደግሞ አብሮ ያጥባቸዋል። እርጎውን ጠጪው፤ ውስጥ አታስገቢው።

የፈንገስ ክሬም ገዝቼ ብጠቀምስ?

ከአንቲሴፕቲክ በጣም ይሻላል፤ ፈንገስ ከሆነ። ከዚህ በፊት በሐኪም ተመርምረሽ ካንዲዳ እንደሆነ ካወቅሽ፣ ምልክቱም ያው ራሱ ከሆነ፣ ክሎትሪማዞል ክሬም ወይም ወደ ውስጥ የሚገባ እንክብል ምክንያታዊ ነው። በአፍ የሚዋጠው ፍሉኮናዞል 150 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ግን ሌላ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ለፋርማሲስቱ ንገሪ።

ችግሩ የራስ ምርመራ ብዙ ጊዜ መሳቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ አንድ ጥናት፣ ለራሳቸው የፈንገስ መድኃኒት ሊገዙ የመጡ 95 ሴቶች ተመረመሩ። ካንዲዳ ብቻ የተገኘባቸው ሲሶ ያህሉ ነበሩ። የሌሎቹ የባክቴሪያ ሚዛን መዛባት ነበር፣ ትሪኮሞናስ ነበር፣ አንዳንዶቹም ምንም ኢንፌክሽን አልነበረባቸውም። ስለዚህ የመጀመሪያሽ ከሆነ፣ ወይም በዓመት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመላለሰብሽ፣ ክሬሙን ትተሽ ተመርመሪ። የስኳር ምርመራም ጠይቂ።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ በጣም ይበላኛል።

በእርግዝና ካንዲዳ የተለመደ ነው። ለ7 ቀን የሚቀባ ወይም ወደ ውስጥ የሚገባ ክሎትሪማዞል ይታዘዝልሻል። ፍሉኮናዞል አትዋጪ። አዮዲን አትንኪ። ለክትትል ስትሄጂ ደግሞ ሳታፍሪ ንገሪያቸው።

ሐኪም ጋ እስክደርስ ሌሊቱን እንዴት ልለፈው?

ይህን የምትጠይቅ ሴት ሁለት ሌሊት አልተኛችም ማለት ነው።

ለብ ባለ ወይም ቀዝቀዝ ባለ ንጹሕ ውሃ ውጪውን ብቻ ታጠቢ። በእጅሽ፤ በጨርቅ አትፈትጊ። በፎጣ አትጥረጊ፤ ጫን ጫን እያደረግሽ አድርቂ። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረሽ፣ ጨምቀሽ ለ10 ደቂቃ ያህል ያዢበት። በረዶ ከሆነ በጨርቅ ጠቅልይው እንጂ በቀጥታ አታስነኪው። ከዚያ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርገሽ ውጪው ላይ ቀቢ፤ ሽንት እንዳያቃጥልሽም ይጋርድሻል። ቫዝሊን ግን ኮንዶምን እንደሚያሳሳ አትርሺ።

ሰፋ ያለ የጥጥ የውስጥ ሱሪ ልበሺ፣ ወይም ያለ ውስጥ ሱሪ ተኚ። ጥፍርሽን ቁረጪ። እንቅልፍ ውስጥ ሳናውቀው እናካለንና። ከተቻለ ግንኙነቱም ይቆይ።

አንቲሴፕቲክ ተጠቅሜ አቃጠለኝ። ምን ላድርግ?

ውጪውን በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቢው። የተቃጠለውን ለማብረድ ሌላ መድኃኒት አትደርቢበት። ውሃ ከቋጠረ፣ ከደማ፣ ሽንት መሽናት ካቃተሽ ወይም መድኃኒቱ ውስጥ ከገባ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ ሂጂ። ጠርሙሱንም ይዘሽ ሂጂ፤ ምን እንደነካሽ ማወቁ ይጠቅማቸዋል። ማንም ሊቆጣሽ መብት የለውም።

ባለቤቴም መታከም አለበት?

ትሪኮሞናስ ከሆነ አዎ፤ ምንም ባይሰማውም። አለበለዚያ እንደገና ይመልስልሻል። ካንዲዳ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አያስፈልገውም፤ እሱም ካሳከከው ወይም ከቀላበት ግን ይታይ። ማሳከክ ስለያዘሽ ብቻ አንዳችሁ ሌላውን አትጠርጥሩ። ካንዲዳ ድንግል ሴትንም ይይዛል።

ልጄ 6 ዓመቷ ነው፤ ማታ ማታ ታካለች።

አንቲሴፕቲክ በፍጹም። በዚህ ዕድሜ ካንዲዳ ብዙም አይታይም። ብዙ ጊዜ ሳሙና ነው፣ በደንብ አለመጠራረግ ነው፣ ወይም ማታ ማታ ከፊንጢጣ የሚወጡ ክር የመሰሉ ነጫጭ ትሎች ናቸው። ከፊት ወደ ኋላ መጥረግን አስተምሪያት። ፈሳሽ፣ ደም ወይም ሽታ ካለ ሐኪም ይያት። ነገር ካለም እንድትነግርሽ በእርጋታ ጠይቂያት።

ካረጥኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ማሳከኩ ግን አልለቀቀኝም።

እናቶቼ፣ «በዚህ ዕድሜ ምን ብዬ እሄዳለሁ» አትበሉ። ድርቀት ከሆነ ማለስለሻ ቅባት ወይም በሐኪም የሚታዘዝ የኤስትሮጅን ክሬም አለው። ቆዳው ነጣ፣ ሳሳ፣ እንደ ወረቀት ከተጨማደደ ላይክን ስክሌሮሰስ ሊሆን ይችላል። ይህ ጠንከር ባለ የስቴሮይድ ቅባት በደንብ ይታከማል። ሳይታከም ከቆየ ግን ቆዳው ይጣበቃል፣ በጥቂቶች ላይም ወደ ካንሰር ይሄዳል። እሱን በዴቶል እያጠቡ ዓመት መቆየት ያሳዝናል።

መቼ ነው ሐኪም ጋ የግድ የምሄደው? እዚያስ ምን ይደረጋል?

የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ከወር አበባ ውጪ የሚፈስ ደም፣ ውሃ የቋጠረ ቁስል፣ እብጠት፣ ቀለሙን የቀየረ ቆዳ ካለ አትቆዪ። በመድኃኒት ለአንድ ሳምንት ያልተሻለውም እንዲሁ።

ከመሄድሽ በፊት አንድ ቀን ያህል ውስጥሽን አትታጠቢ፣ ክሬምም አታስገቢ፤ ምርመራውን ያበላሻል። «ሽታ ይኖረኝ ይሆን» ብለሽ ተጨንቀሽ ልትታጠቢ ትፈልጊያለሽ፤ ይገባኛል። ግን ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው ያንኑ ነው።

ምርመራው አጭር ነው። ውጪውን በብርሃን ያያሉ። ከዚያ ከውስጥ በጥጥ ጫፍ ትንሽ ፈሳሽ ይወስዳሉ። ፒኤች በሚለካ ወረቀት ላይ ያስነኩታል፤ ከ4.5 ከበለጠ ወደ ባክቴሪያ ሚዛን መዛባት ወይም ትሪኮሞናስ ያመለክታል። ካንዲዳ ብዙውን ጊዜ ፒኤቹን አይቀይረውም። የቀረውን በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ሴት ሐኪም መጠየቅ ትችያለሽ። አብሮሽ የሚገባ ሰው መያዝም ትችያለሽ። መናገሩ ከከበደሽ «ከዚህ ቀን ጀምሮ ይበላኛል፣ ፈሳሹ እንዲህ ነው፣ ይህን ይህን ተጠቅሜያለሁ» ብለሽ በወረቀት ጻፊና ስትገቢ ስጪያቸው።